የኦክታቭ መርዶ

የሀኒ አባት አቶ አምደሚካኤል የቀኝ ጉልበቱን በብረት ካስቀየረ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ጉልበቱ ግን ሰባ ስምንት ዲግሪ ላይ ደርሶ ከዚህ በላይ አልታጠፍም ብሏል። ክሎይ የምትባለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በፕላስቲክ መለኪያዋ ለክታ፣ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ለሀኒ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። ሀኒም ለአባቷ በአማርኛ አስረዳችው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ባለው ቀጠሮ ጉልበቱ መቶ አስር ካልደረሰ፣ ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ በግድ ያጥፈዋል።

"በግድ ማለት?"

"በእጁ ይዞ።"

"እንደ ዶሮ ብልት?"

ሀኒ ይህን ለክሎይ አልተረጎመችላትም።

አቶ አምደሚካኤል ሕመም አይፈራም። የሚፈራው ማደንዘዣውን ነው። ባለፈው ከቀዶ ጥገናው ሲነቃ፣ አልጋውን ከበው ከቆሙት ጠያቂዎች መካከል አንድ የሰፈራቸው ዲያቆን ነበር። አባቷ ገና ዓይኑን በቅጡ ሳይገልጥ፣ "አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ሸራው ያለቀ ፍሬን ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ፋቅኸው" አለው። ሌላም ብዙ ተናገረ። እናቷ ዓለምጸሐይ ሌላውን በአፌ አልደግምም ብላለች። ዲያቆኑ ከዚያን ቀን ወዲህ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

"ያንን መርፌ ሁለተኛ ከወጉኝ፣" ይል ነበር አባቷ፣ "ሜልበርን ውስጥ የሚያናግረኝ ሀበሻ አይተርፍም።"

ስለዚህ ጉልበቱ መታጠፍ ነበረበት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ቶሌሳ መላ አመጣ። ቶሌሳ የባስ ሾፌር ነው፤ አማርኛን ካደገ በኋላ ስለተማረ ከቤቱ ሰው ሁሉ አስተካክሎና አሳምሮ የሚናገረው እሱ ነው። ሰፈራቸው ኬንሲንግተን ውስጥ ነዋሪዎች መንገድ ዳር ከጣሉት አሮጌ ዕቃ መካከል፣ ባለበት ቆሞ የሚነዳ የስፖርት ብስክሌት አግኝቶ በጀርባው ተሸክሞ ሦስት ፎቅ አወጣው። ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው አጠገብ ተተከለ።

አቶ አምደሚካኤል ሁለት ቀን ነድቶ ተወው።

"ሰባት ኪሎ ሜትር ሄደሃል ይለኛል" አለ ወደ ትንሿ ሰሌዳ እየጠቆመ። "ይኸው ሶፋው አጠገብ ነኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መኪና ሳይሆን ብስክሌት ይዋሸኝ?"

ስብከት ከፈቱለት፤ ባማተበ ቁጥር ፔዳሉን ያቆማል። ኳስ ከፈቱለት፤ ዳኛውን ለመሳደብ ይወርዳል። ሀኒ ተቆጣች፤ እሱ ደግሞ "እሺ የኔ እናት" እያለ አልጋው ላይ ይወጣል። "እሺ" ሲል ምንም እንደማያደርግ ሀኒ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ነገሩ የተቃናው በአጋጣሚ ነው። ሀኒ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፈረንሳይኛና ታሪክ ታጠናለች። ለትርጉም ትምህርቷ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችው አንድ አሮጌ ወፍራም መጽሐፍ ነበር፤ ኦክታቭ ብሩሻር ስለሚባል የድሮ ፈረንሳዊ ብስክሌተኛ ሕይወት የሚተርክ፣ አንድ የብስክሌት ፋብሪካ ጸሐፊ የጻፈው። መምህሯ የፈለገው ሃያ ገጽ ብቻ ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስታነብ ሳቀች።

"ምንድን ነው?" አለ አባቷ ብስክሌቱ ላይ ያለ ሥራ እንደተቀመጠ።

"አንድ ሰውዬ ነው። ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር እየተወዳደረ ስንቁ አለቀበት። ከሰው አጥር ውስጥ ያልበሰለ ፍሬ ሰረቀና እፍኝ እፍኙን በላ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሆዱ። አሥራ አንድ ጊዜ ወርዶ ቁጥቋጦ ገባ።"

"ተሸነፈ በያ።"

"አሸነፈ።"

አቶ አምደሚካኤል ሳይታወቀው ፔዳሉን አንድ ዙር አዞረ። "አሥራ አንድ ጊዜ ወርዶ? አንብቢልኝ እስቲ። ከመጀመሪያው።"

እንዲህ ተጀመረ። ሀኒ በየቀኑ ከክፍል ስትመለስ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፤ ፈረንሳይኛውን በዓይኗ እያየች በአማርኛ ትናገራለች። የአማርኛ ቃል ሲጠፋባት ቶሌሳ ያቀብላታል፤ እሱም የጠዋት ሺፍቱን ጨርሶ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ መጥቶ ማዳመጥ ጀምሯል። ሕጉን ያወጣው አባቷ ነው፤ ኦክታቭ ሲነዳ ይነዳል፣ ኦክታቭ ሲበላ ያርፋል፣ ኦክታቭ ዳገት ሲወጣ የብስክሌቱን ማጥበቂያ ያጠብቃል።

ኦክታቭ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር። በልጅነቱ በተዋሰው ብስክሌት ለአሥራ ሁለት መንደር ዳቦ ያደርስ ነበር፤ አባቱም በመጨረሻው መንደር ያለው ዳቦ ሳይበርድ ደርሶ እንደሆነ ሰው ልኮ በእጅ ያስዳስስ ነበር። ኋላ አንድ ፋብሪካ ቀጠረው። ውሉ ላይ ፎቶ ሲነሳ ፈገግ እንዲል፣ ሚስት ከማግባቱ በፊትም ለፋብሪካው እንዲያስታውቅ ተጽፎበታል። መንገዱ አቧራ ነው፤ ብስክሌቱ የከባድ ከባድ። ሁለት መለዋወጫ ጎማ እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ይነዳል። ዳገት ሲደርስ ይወርድና የኋላውን ጎማ ነቅሎ ገልብጦ ይገጥመዋል፤ በዚያን ዘመን ማርሽ መቀየር ማለት እሱ ነበር።

"እኔም ልውረድና ልገልብጥ?" ይላል አባቷ ላብ እያጠመቀው።

"አንተ ንዳ!"

አንድ ቀን ዳገት ላይ ኦክታቭ ሲያቅተው አንድ የገጠር ቄስ ከመንገድ ዳር ወጥተው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሁለት እጃቸው ከኋላ ገፉት። ዳኞቹም ከውድድሩ አባረሩት። አቶ አምደሚካኤል በንዴት ቆመ።

"ቄስ ገፉት ማለት እኮ ባረኩት ማለት ነው!"

"ጋሼ፣ ሕግ ሕግ ነው" አለ ቶሌሳ። "እኔ ባስ ስነዳ ጳጳስ እንኳን ቢመጡ አላስገፋም።"

"አንተን ማን ይገፋሃል? ያንተ ባስ ሞተር አለው!"

በዚህ ክርክር ሃያ ደቂቃ ተነዳ። በሁለተኛው ሳምንት ክሎይ ስትለካ ሰማንያ ስምንት ሆነ። በሦስተኛው፣ ማርት የምትባል የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ልጅ ኦክታቭን ስትወደው፣ ኦክታቭ ካለፈ በኋላ መዝጊያውን ጥላ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ስታስቀር፣ ዘጠና ሰባት ደረሰ። የኬንሲንግተኑ የባቡር መዝጊያ ሥራ ሲሄድ ስንት ዓመት ሙሉ ያቆመው አቶ አምደሚካኤል፣ "ለካ ማዶ የሚወደድ ሰው ቢኖር ነው" አለ።

ሀኒ አንድ ስህተት ነበረባት፤ አስቀድማ አታነብም። ትዕግሥት የላትም፤ ገጹን የምታየው ስትተረጉመው ነው። መጽሐፉ ገና ግማሽ ላይ ስለሆነ ምንም አልጠረጠረችም። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ኦክታቭ ከውድድር በኋላ ከአንድ ጉድጓድ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድቶ ጠጣ፣ በማግስቱ ትኩሳት ያዘው፣ በሦስተኛው ቀን…

አፏን ከፍታ ቀረች። ገለጠች። የቀረው የመጽሐፉ ግማሽ በሙሉ የውድድር ውጤት ሰንጠረዥና የፋብሪካው የብስክሌት ማስታወቂያ ነበር።

"ምነው?" አለ አባቷ እየነዳ። "ትኩሳት ያዘው፣ ከዚያስ?"

"ተሻለው" አለች ሀኒ።

ከወጥ ቤት የእናቷ ድምፅ መጣ። "ሀኒ፣ እስቲ ነይ እዚህ።" ገና ስትገባ በሩን ዘጋችባት።

"ማን ሞተ?"

"እማ…"

"ፊትሽን አይቼዋለሁ። ማን ሞተ?"

"ኦክታቭ።"

ዓለምጸሐይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ውይ! በምን?"

"ታይፎይድ። እማ፣ በ1907 ነው።"

"ልጅቷስ?"

"ለሠርጋቸው ሦስት ወር ነበር የቀረው።"

"ውይ ውይ ውይ።" ዓለምጸሐይ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "አባትሽ እንዳይሰማ" አለች።

"እማ፣ ሰውዬው ውሃውን ባይጠጣ ኖሮም አሁን መቶ አርባ ምናምን ዓመቱ ነበር። አባባ መሞቱን ያውቃል።"

"መሞቱን ማወቅ ሌላ፣ መርዶ መስማት ሌላ። መርዶ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚከዳው ምኑ ነው? ጉልበቱ አይደለም?"

ሀኒ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ስለ ጉልበት አልነበረም። ክርክሩም ዋጋ የለውም። በዚህ ቤተሰብ መርዶ የሚነገረው ተሰሚው ሲመቸው ነው። አጎቷ ተስፋሚካኤል የመንጃ ፈቃድ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ የገዛ አጎቱ ሞት ተደብቆበት ነበር፤ አራት ጊዜ ስለወደቀ መርዶውን የሰማው ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው።

"ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው" አለች እናቷ። "አሥራ ሦስት ዲግሪ። እስከዚያ ሰውዬውን አቆዪው።"

ሀኒ አቆየችው። መጽሐፉን ገልጣ የፋብሪካ ማስታወቂያ እያየች ከሆዷ ታወራ ጀመር። መጀመሪያ አምስት ውድድር በተከታታይ አሸነፈ፤ ማሸነፍ ለመፍጠር ይቀላል። አባቷ ዓይኑን አጠበበ። "ይኼ ሰውዬ ከበሽታው ወዲህ አይሸነፍም እንዴ? ምን አብልተውት ነው?" በማግስቱ ጣለችውና የትከሻውን አጥንት ሰበረችው። ያን ቀን አቶ አምደሚካኤል ለበሽተኛው ክብር ብሎ ከብስክሌቱ ወረደ፤ ሀኒም ተደናግጣ አጥንቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠገነችው።

የፈረንሳይ ከተማ ስም ሲያልቅባት የምታውቀውን መንገድ ወሰደች። ኦክታቭ ወደ ሰሜን ነዳ፣ ድልድይ አለፈ፣ ፋብሪካዎች አለፈ፣ መብራት ይዞት ቆመ…

"መብራት?" አለ ቶሌሳ።

"ፈረንሳይ ቀድማ ነው ያስገባችው" አለች ሀኒ።

"ከዚያ ሜዳው ላይ ረጃጅም መጋዘኖች ታዩት፣ ነፋሱ ከጎን መታው…" ብላ ቀጠለች።

አባቷ መንዳቱን ሳያቆም ራሱን ነቀነቀ። ክሬጊበርን መጋዘን ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ነድቷል። "ልክ እንደ ክሬጊበርን" አለ። "እዚያም ነፋሱ ከጎን ነው የሚመታው። የሥራ ሰው መንገድ የትም አገር አንድ ነው።"

ሀኒ አፈረች፤ ግን ዘጠና ዘጠኝ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ይዘልቅ ነበር፣ ዓለምጸሐይ ምስጢሩን ለቶሌሳ ባትነግረው ኖሮ። ቶሌሳ ደግ ሰው ነው፤ ፊቱ ግን ምንም ነገር አይቋጥርም። በማግስቱ ሁለት ካርቶን ውሃና አንድ ካርቶን ለስላሳ ተሸክሞ መጣ። በሩ አጠገብ ኮፍያውን አወለቀ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከተተና ወለሉን ያይ ጀመር።

"አይ ይህች ዓለም" አለ።

አቶ አምደሚካኤል ፔዳሉን ቀስ አደረገ። "ምን ሆንክ?"

"ምንም ጋሼ። ሰው ማለት ከንቱ ነው ብዬ ነው።"

"የትኛው ሰው?"

"በጠቅላላው።"

አቶ አምደሚካኤል ካርቶኖቹን አየ። ወጥ ቤቱን አየ፤ በሩ ሰሞኑን ሁልጊዜ ዝግ ነው። ሚስቱ እሱ ሲገባ ስልክ ትዘጋለች። ልጁ ስታነብ ዓይኗን ከመጽሐፉ አትነቅልም፤ ገጽም አትገልጥም። ይህን ሁሉ ምልክት ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ በስንት ሰው ላይ አድርጎታል። ደሴ ያለች አንዲት ታላቅ እህት አለችው፣ ሰማንያ ሊሞላት ምንም ያልቀራት።

"ዓለምጸሐይ" ብሎ ተጣራ። "እህቴ እየሩ ጋ ደውይልኝ።"

ዓለምጸሐይ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "እየሩ ጸበል ገብታለች። እዚያ ስልክ አይፈቀድም።"

አቶ አምደሚካኤል ፔዳሉን አቆመ።

እየሩ በእርግጥ ጸበል ገብታለች። ለሁለት ሳምንት። ነገር ግን በአቶ አምደሚካኤል ዘመዶች ታሪክ ጸበል ገብቶ ስልክ ያላነሳ ሰው በሕይወት ተመልሶ አያውቅም። የሀኒ አባት ከብስክሌቱ ወረደ፣ ከዘራውን አነሳ፣ መኝታ ቤት ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ከዚያ ወዲያ የሚነካው አልተገኘም። ሀኒ በሦስተኛው ቀን ክሎይ ባዋሰቻት መለኪያ ስትለካው ዘጠና ሦስት ሆኗል፤ ቀጠሮው በነጋታው ነው። ትዕግሥቷ አለቀ።

"አባባ፣ ስማኝ። ማንም አልሞተም።"

"እሺ የኔ እናት።"

"እውነቴን ነው።"

"የአባቴም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያሉኝ። ማንም አልሞተም።"

"በቃ! የሞተው ኦክታቭ ነው! እማ አትንገሪው ስላለችኝ ነው የደበቅኩህ።"

አቶ አምደሚካኤል ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። "ልጄ፣" አለ፣ "ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ከዚህ የተሻለ ውሸት እንድታውቂ ነበር።"

መጽሐፉን አምጥታ ገጹን ዘረጋችለት። ፈረንሳይኛ ነው። በትሕትና አይቶ መለሰላት።

ወጥ ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ተፋጠጡ። ሀኒ ጮኸች፤ እናቷ አልጮኸችም። "እኛ ስንነግረው አያምንም። ደባቂዎቹ እኛ ነን" አለች ዓለምጸሐይ። "መርዶ በሥርዓቱ ሲመጣ ያምናል።" ስልኳን አንስታ ሰንሻይን ወደሚኖሩት የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ወደ ጋሽ ገብረመድኅን ደወለች። ጋሽ ገብረመድኅን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የእድሩን ደንብ በቃላቸው ያውቁታል።

"ሟቹ አባል ነበር?" አሉ በስልክ።

"አልነበረም ጋሼ።"

"የአባል አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ አማት?"

"አይደለም። ብስክሌተኛ ነው። ፈረንሳዊ።"

"መቼ አረፈ?"

"በ1907። በፈረንጅ።"

"ታዲያ በየትኛው አንቀጽ ልምጣ?"

"አምደሚካኤል በጣም ይወደው ነበር ጋሼ።"

"በወዳጅ አንቀጽ እመጣለሁ። በንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።"

በነጋታው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የበሩ ደወል ተደወለ። ውጭው ገና ግራጫ ነው፤ የመጀመሪያው ባቡር ጮኾ አለፈ። ጋሽ ገብረመድኅን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር፣ ሦስቱም በሱፍ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው ገቡ። ከኋላቸው ቶሌሳ የባስ ዩኒፎርሙን ለብሶ ተከተለ፤ ሺፍቱ አንድ ሰዓት ነው። ሀኒ ይህን ሁሉ እያየች ሳቅ ሲቃጣት እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። አቶ አምደሚካኤል በፒጃማው ከዘራውን ተደግፎ ብቅ አለ። ጋቢዎቹን አየ። ከዘራው ከእጁ ወደቀ።

"እየሩዬ!" ብሎ ጮኾ በሁለት ጉልበቱ ወለሉ ላይ ወረደ። በዚያም አላበቃም፤ ደረቱን እየደቃ ወደ ኋላ ተረከዙ ላይ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ተሰማ፣ እንደሚቀደድ አሮጌ አንሶላ ያለ፤ ከዚያም ከመጀመሪያው እጥፍ የሚሆን ጩኸት።

"ይውጣለት፣ አትከልክሉት" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"እግሬ! እግሬን!"

"አይዞህ ልጄ፣ ሐዘን መጀመሪያ እግር ነው የሚይዘው።"

ጋሽ ገብረመድኅን ከሰንሻይን ጀምሮ መኪና ውስጥ ሲለማመዱት የመጡትን ንግግር ማቋረጥ አይችሉም ነበር። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀጠሉ። "ልጄ አምደሚካኤል። ሁላችንም መንገደኞች ነን። አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ አንዱ ይከተላል። አንተ ሕመም ላይ ስለነበርክ ነው የዘገየነው፤ ቤተሰብህን አትቀየም። ወዳጅህ ኦክታቭ ብሩሻር አርፏል።"

ጩኸቱ ቆመ።

"ማን?"

"ኦክታቭ። ብስክሌተኛው።"

"እየሩስ?"

"እየሩ ጸበል ናት። ትናንት ማታ ደብሩን በአስተዳዳሪው ስልክ አግኝቼ ጠይቄያለሁ። ቆሎው ጥሩ አይደለም ብላ እየተማረረች ነው።"

ሰው እስከ ደጅ ድረስ ሊዋሽ ይችላል። መርዶ ነጋሪ ግን ደጁን ካለፈ በኋላ አይዋሽም፤ የመጣው ውሸቱን ለማብቃት ነው። አቶ አምደሚካኤል ይህን ያውቃል። የሽማግሌውን ፊት ትክ ብሎ አየ፣ ከዚያ የሚስቱን፣ ከዚያ የልጁን። ትከሻው ወረደ። አለቀሰም። ለእህቱ ብሎ ሦስት ቀን አጠራቅሞ የያዘው እንባ መሄጃ አጥቶ ነበርና ለኦክታቭ ሰጠው። ሽማግሌዎቹም ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። ቶሌሳ ከሁሉም በላይ አለቀሰ።

ያላለቀሰችው ሀኒ ብቻ ናት። እሷ የምታየው የአባቷን ቀኝ እግር ነበር። ከሥሩ ታጥፎ ተቀምጦበታል።

"አባባ፣ እንዳትነሳ!" ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች እናቷ።

"መለኪያውን ላመጣ!"

"ለቅሶ ላይ ነን እኮ!"

"አንድ ደቂቃ ነው እማ! ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

ጋሽ ገብረመድኅን ፈቀቅ አሉ። ሀኒ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ፕላስቲኩን ጉልበቱ ጎን ያዘች፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መቶ ሃያ ሁለት።

አራቱ ወንዶች አንሥተው ሶፋው ላይ አስቀመጡት። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ፤ ለቅሶ ደርሶ ሳይቀመጡ መሄድ የለምና። ሻይ መጣ። ጋሽ ገብረመድኅን አንዴ ፉት ብለው፣ "ለመሆኑ አሟሟቱ እንዴት ነበር?" አሉ። ሁሉም ወደ ሀኒ ዞሩ። መጽሐፉን ገልጣ ይህን ጊዜ የተጻፈውን ብቻ አነበበች። ውሃውን፣ ትኩሳቱን፣ ሦስተኛውን ቀን። የቀብሩ ቀን ማርት መዝጊያውን አንሥታ ተወችው፤ ባቡር ሲመጣም አልጣለችውም፤ ከሥራዋ አባረሯት።

"ደግ አደረገች" አለ አቶ አምደሚካኤል። ጥቂት ቆይቶ፣ "ከትኩሳቱ በኋላ ያሸነፋቸው አምስቱስ?"

"እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው።"

"ትከሻው?"

"እኔ ነኝ።"

"ሁለት ቀን ለትከሻው ጸሎት አድርጌ ነበር" አለ አባቷ። "ይቅርታ" አለች ሀኒ።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ክሎይ ጉልበቱን አጥፋ ለካች። ገፋ አድርጋ እንደገና ለካች። በእሷ ልኬት መቶ አሥራ አራት። ትንሽ አብጧል፤ በረዶ ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙ ግን ማስተኛት አያስፈልግም ብሎ ፈርሟል። አቶ አምደሚካኤል የሚያውቀውን ቅዱስ ሁሉ በስሙ እየጠራ አመሰገነ።

"ባለፈው ሳምንት ዘጠና ዘጠኝ ነበር" አለች ክሎይ። "ምን አደረጋችሁ?"

ሀኒ ወደ አባቷ ዞረች። "ምን ልበላት?"

"እውነቱን። ውሸት በቅቶናል። ሰው ሞቶብኝ በጉልበቴ ወደቅሁ በያት።"

ሀኒ ቃል በቃል ተረጎመች። የክሎይ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ እጇን እጁ ላይ አደረገች፤ በጣም እንዳዘነች ተናገረች፤ ሟቹ ቅርብ ሰው እንደነበረም ጠየቀች።

"አራት ሳምንት አብረን ነድተናል በያት።"

ሀኒ ይህንም ተረጎመች። መቼ እንዳረፈ ክሎይ ብትጠይቅ ዓመቱን ለመናገር ተዘጋጅታ ነበር፤ ክሎይ አልጠየቀችም። ከመሳቢያዋ ስለ ሐዘን ምክር የሚሰጥበትን ስልክ የያዘ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ወረቀት አውጥታ ለአባቷ በሁለት እጇ ሰጠችው። አቶ አምደሚካኤል ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ከዘራውን ሳይዝ፣ በሁለት እጁ ተቀበላት። ጎንበስ ብሎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ ክፉ አይንካሽ" አላት፤ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ የኮቱ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ምን አለኝ?" አለች ክሎይ።

"አመሰግናለሁ ነው ያለሽ" አለች ሀኒ።

ኮሪደሩ ላይ አባቷ ክንዷን ያዘና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"አየሽ? ፈረንጆቹም ለቅሶ ደረሱለት።"